የደም ማነስ ያለበትን ልጅ ስትመረምሩ እርሳስንም አስቡ

ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለኢትዮጵያ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
እንዲሁም ልጅ ለሚያሳድጉ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በሕፃናት ደም ውስጥ ስለሚገባ እርሳስ፣ ስለ አይረን እጥረትና ማስረጃ ስለሌለው «ብረት ማውጫ» ሕክምና

በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራና በሕፃናት ሕክምና የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። የምንጠይቀውን አስቀድመን እንናገር። በጤና ጣቢያ የደም ማነስ የተገኘበት ሕፃን አይረን ብቻ ተሰጥቶት አይሸኝ፤ ቤተሰቡ ስለ እርሳስ ይጠየቅ፣ ጥርጣሬ ካለም የልጁ ደም ይመርመር። ልጆች የሚውሉበት ግቢ ቀለም ይፈተሽ። በኦቲዝም ስም «ከልጃችሁ ሰውነት ብረት እናወጣለን» የሚሉ ደግሞ ይከልከሉ። ጥያቄዎቹ ለየቅል ቢመስሉም ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ቃል እናጥራ። «እርሳስ» ስንል ተማሪ የሚጽፍበትን ማለታችን አይደለም። በመጻፊያው መሐል ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት፣ ማለትም ካርቦን ነው እንጂ ብረት አይደለም። በቋንቋችን ሁለቱ አንድ ስም ስለተጋሩ፣ ልጅ መጻፊያውን ሲያኝክ ደንግጦ የሚነጥቅ ወላጅ ከበር ላይ የተላጠ ቀለም አፉ ሲያስገባ ዝም ይላል። የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። የምንናገረው ስለ ሊድ ነው፤ በመኪና ባትሪ ውስጥ ስላለው ከባድና ለስላሳ ግራጫ ብረት። ሰውነት ለደም የሚያስፈልገውን ብረት ደግሞ «አይረን» እንለዋለን፤ «ብረት ማውጫ» ሲባል ግን እርሳስን የመሰሉ ብረቶችን ማስወጣት ማለት ነው።

በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ አይረንን ከምግብ ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያሻግር ዲኤምቲ 1 የሚባል ፕሮቲን አለ። ሰውነት አይረን ሲያጥረው ይህን ፕሮቲን ያበዛዋል፤ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል እንደማለት ነው። በሩ ግን አይረንን ከእርሳስ የሚለይ ዘበኛ የለውም። ስለዚህ አይረን ያነሰው ልጅ ከአንድ ዓይነት አቧራ ከጎረቤቱ ልጅ የበለጠ እርሳስ ይወስዳል። ይህ ብቻ ቢሆን በቀለለ ነበር። የአይረን እጥረት ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ አፈር፣ የግድግዳ ልጣጭና ኖራ መብላት ያምረዋል፤ እጥረቱ በሩንም ይከፍታል፣ እጁንም ወደ አፈሩ ይመራዋል። ነፍሰ ጡር እናትም አፈር ሲያምራት ነገሩ ያው ነው፤ ያማራትን ከመንቀፍ ሄሞግሎቢኗን መለካት ይቀድማል። በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተደረገው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 57 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ በ2011 ቁጥሩ 44 በመቶ ነበር። የደም ማነስ ሁሉ ከአይረን እጥረት አይመጣም፤ ሆኖም ከግማሽ በላይ ሕፃናት ደም ባነሳቸው ሀገር የእርሳስ ጉዳይ የሀብታም ሀገር ጉዳይ ነው ማለት አይቻልም። በዚያ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕፃን ልጅ ከአንድ ዓይነት ምንጭ ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያስገባው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል።

ገብቶ ምን ያደርጋል? ሐኪሞች ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚሉትን ለመረዳት ዝገትን ማሰብ ይበቃል። ሰውነት በኦክስጅን ምግብን ሲያቃጥል እንደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያሉ ጎጂ ትርፍራፊዎች ይወጣሉ። ጤነኛ ሴል እነዚህን ግሉታታየን በሚባል መከላከያ ንጥረ ነገርና በረዳት ኢንዛይሞቹ ቶሎ ያመክናቸዋል። አንጎል ግን ለዝገት የተመቸ አካል ነው። በአዋቂ ላይ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን 20 በመቶውን ይወስዳል፣ ድርሻው በሕፃን ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፤ የተሠራው በቀላሉ ከሚበላሽ ስብ ነው፤ መከላከያውም ከጉበት ጋር ሲነጻጸር ስስ ነው።

እርሳስ ራሱ እንደ አይረን ወይም መዳብ ኤሌክትሮን እየተቀበለና እየሰጠ አያዝግም። ጉዳቱ የሌላውን ቦታ በመቀማት ነው። የደም ቀለም በሚሠራበት ሰንሰለት ላይ አላድ የሚባል ዚንክ ተሸካሚ ኢንዛይም አለ፤ እርሳስ ዚንኩን አስወጥቶ ራሱ ይቀመጥበታል። ኢንዛይሙ ሲቆም ሊያቀነባብረው የነበረው አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ ይጠራቀማል፤ እሱም ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ጎጂ ትርፍራፊ ያፈልቃል። ግሉታታየን እንዳያመክነው ደግሞ እርሳስ የግሉታታየንን የሰልፈር ጫፍ ያዝበታል። እሳቱንም ለኩሶ ውሃውንም ዘግቷል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ካልሲየምን መስሎ ወደ ነርቭ ሴል ይገባል፣ ለመማርና ለማስታወስ የሚያስፈልገውን ኤንኤምዲኤ የተባለ ተቀባይም ያውካል። ለነርቭ ክር ሽፋን የሚያለብሱት ገና ያልበሰሉ ሴሎች ብዙ አይረን፣ ጥቂት ግሉታታየን ስላላቸው ዝገቱ ቀድሞ እነሱን ያገኛቸዋል።

ስለ አይረን አንድ ነገር ለይተን እናስታውስ። ሲያንስ የነርቭ ሽፋንና የዶፓሚን ሥራ ይጎድላል፤ ልጓም አልባ ሆኖ ሲበዛ ደግሞ ያው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ወደ እጅግ ጎጂ ራዲካል የሚለውጠው ራሱ ነው። ስለዚህ አይረን በመጠን የሚሰጥ መድኃኒት ነው። የነፍሰ ጡር እንክብል ብዙውን ጊዜ 60 ሚሊግራም ንጹሕ አይረን ይይዛል። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 10 እንክብል ከዋጠ በእያንዳንዱ ኪሎው 60 ሚሊግራም ደረሰው፤ ይህ ሕይወቱን ለአደጋ የሚጥል መጠን ነው። እንክብሉ ቀይና አብረቅራቂ ስለሆነ ከረሜላ ይመስለዋል። የእናትየው እንክብል ከፍ ባለ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ።

የጉዳቱ ልክ ይታወቃል። በ2005 የታተመ፣ በተለያዩ ሀገሮች የተደረጉ ሰባት የክትትል ጥናቶችንና 1,333 ልጆችን ያሰባሰበ ትንተና እንዳሳየው፣ የደም እርሳስ ከ2.4 ወደ 10 ማይክሮግራም በዴሲሊትር (በአንድ አሥረኛ ሊትር ደም) ሲወጣ የአእምሮ ብቃት ነጥብ በ3.9 ይወርዳል። ከ10 ወደ 20 ሲወጣ ተጨማሪ 1.9፣ ከ20 ወደ 30 ደግሞ 1.1 ይወርዳል። ብዙው የሚጠፋው ገና በዝቅተኛው መጠን ላይ ነው፤ ልጁ በማይታመምበት፣ ሆዱን በማያመው፣ ማንም በማይጠረጥርበት ጊዜ። ትኩረት ማጣትና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥም ከእርሳስ ጋር በተደጋጋሚ ተያይዘው ተገኝተዋል። ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ የተባለው ድርጅት በ2020 ባወጡት ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱ ልጆች በዴሲሊትር ደማቸው 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ አላቸው። ችግር የሌለበት መጠን አልተገኘም።

አሁን ወደ አንድ ግቢ እንግባ። በመኖሪያ ቪላ ውስጥ የተከፈተ መዋዕለ ሕፃናት ነው እንበል። መሐል ግቢው ላይ ብየዳ ቤት የሠራው የብረት ሸርተቴ ቆሟል፤ መሰላሉ ቀይ፣ መንሸራተቻው ደማቅ ቢጫ ነው። ልጆች እግራቸውን በሚያሳርፉበት ታችኛው ጫፍ ላይ ቢጫው ተልጦ ከሥሩ ብርቱካናማው አንቲረስት ይታያል፣ እሱም ተልጦ ብረቱ ዝጓል። ቅርፊቱ አሸዋው ላይ ወድቋል። ደማቅ ቢጫና ብርቱካናማ የዘይት ቀለም ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲጨመር የኖረው ሊድ ክሮሜት ነው፤ በድሮ አንቲረስት ውስጥ ደግሞ ቀይ የእርሳስ ኦክሳይድ። ከወደቀው ቅርፊት አንዱ ሩብ ጣት ጥፍር ያክላል፣ 0.1 ግራም ይመዝናል እንበል። ቀለሙ 1 በመቶ እርሳስ ካለው ያቺ ቅርፊት 1,000 ማይክሮግራም ትይዛለች። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሕፃን በቀን ከምግብ እንዳያልፍ ብሎ ያስቀመጠው 2.2 ማይክሮግራም ነው። ያው ቅርፊት ሕጉ በሚፈቅደው ቀለም ቢሆን ኖሮ ቢበዛ 9 ማይክሮግራም በያዘ ነበር።

ሕጉ አለን። በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ በሚሊዮን 90 ላይ ገድቦታል፤ ይህም በኪሎ 90 ሚሊግራም ማለት ነው። ጥሩ ደንብ ነው፣ ጥብቅም ነው። ነገር ግን ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባው ቀለም ከየበሩ አልተነሳም። ስለዚህ የመዋዕለ ሕፃናትና የሕፃናት ማቆያ ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስ፣ ከመጸዳጃና ከአጥር ጎን የቀለም ፍተሻ እንዲታከልበት ትምህርት ቢሮውን እንጠይቃለን። ኤክስአርኤፍ የሚባለው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አንድን ሸርተቴ በሰከንዶች ውስጥ ያነባል። መሣሪያው ውድ ነው፤ ግን አንዱ ብቻ በየክፍለ ከተማው እየዞረ ብዙ ግቢ ያዳርሳል፣ ያው መሣሪያ ቅመምንና ድስትንም ለመለየት ያገለግላል።

ፍተሻ ሳይደርስ «እናድሰው» ብሎ መቸኮል ደግሞ ነገሩን ያብሳል። በክረምት ዕረፍት በየትምህርት ቤቱ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ቀለም ቀቢው ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ወይም ግራይንደር ሰክቶ ደረቁን ይፈገፍጋል። ያ አቧራ በዓይን አይታይም፤ አሸዋው፣ ምንጣፉ፣ የክፍሉ መስኮት ላይ ይቀመጣል፣ መስከረም ላይ ልጆቹ ይጠብቁታል። በጋዝ እሳት ማቃጠልም እርሳሱን ወደ ጢስ ይለውጠዋል። ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነው። ሥራው ልጆችና ነፍሰ ጡሮች በሌሉበት ይሠራ። ከሸርተቴው ሥር በየአቅጣጫው ሁለት ሜትር የሚሆን ፕላስቲክ ይነጠፍ። ቀለሙ በሚረጭ ጠርሙስ ይርጠብ፣ የላላው በስፓቱላ ይነሳ፣ በደረቀ ቁጥር ደግሞ ይርጠብ። በደንብ የያዘውን ማንሳት አያስፈልግም፤ በአዲስ ቀለም ይሸፈን። ሠራተኛው ቢያንስ ኤን 95 ጭምብል ያድርግ፣ ልብሱን እዚያው ለውጦ ለብቻው ያሳጥብ። ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይታሰር እንጂ አይራገፍ፣ አይቃጠልም። ቦታው በሳሙና ውሃ ሁለት ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ መጥረጊያ አቧራውን ከማንሳት በቀር ጥቅም የለውም። በመጨረሻም ከሥሩ ያለው አሸዋ የላይኛው 5 ሳንቲ ሜትር ተነስቶ ይለወጥ። ይህ የመጨረሻው በቀላሉ ይረሳል፤ ልጆቹ የሚቆፍሩት ግን እሱን ነው።

ከቀለም ቀጥሎ የሚያሳስበን ባትሪ ነው። የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ወደ 60 በመቶው እርሳስ ነው፤ 15 ኪሎ ባትሪ 9 ኪሎ ገደማ ይዟል። በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር አጠገብ በምትገኘው ቲያሮይ ሱር ሜር፣ ከባትሪ የወጣ እርሳስ የተቀላቀለበትን አፈር ሰዎች እያጣሩ ሲሸጡ፣ ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። በናይጄሪያ ዛምፋራ በ2010 ወርቅ ያዘለ ድንጋይ በየቤቱ ሲፈጭ እርሳሱም አብሮ ተፈጭቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት አለቁ። የእኛ ባትሪ ጠጋኞች ብዙዎቹ በመኖሪያ ግቢ ይሠራሉ። አሮጌውን ይሰብራሉ፣ አሲዱን ይደፋሉ፣ እርሳሱን በከሰል አቅልጠው ጫፉን ይሞላሉ፤ ማታ ላይ ያንኑ ልብስ ለብሰው ልጅ ያቅፋሉ። እንጀራቸውን እንዲያጡ አንጠይቅም። የምንለምነው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ከንግድ ቢሮ ጋር ሆኖ መስበርና ማቅለጥን ከመኖሪያ እንዲያወጣ፣ ለሠራተኞቹም መታጠቢያና ልብስ መለወጫ ያለው የጋራ ቦታ እንዲያዘጋጅ ነው። እስከዚያው ድረስ አባት ሆይ፦ ጫማህን ከደጅ አውልቅ፣ እጅህንና ፀጉርህን ታጠብ፣ ልብስህን ከልጁ ልብስ ጋር አታሳጥብ።

የቤት ውስጡን በአጭሩ። ኩል ከሊድ ሰልፋይድ ድንጋይ የሚሠራበት አጋጣሚ ብዙ ስለሆነ ለሕፃን ዓይን አይቀባ፤ ልጁ ዓይኑን አሽቶ እጁን ይጠባል። እርድ ከሆነ ደረቅ ሥሩን ገዝቶ አጥቦ ማስፈጨት ይመረጣል። በባንግላዴሽ ነጋዴዎች ለማሳመር ሊድ ክሮሜት ይጨምሩበት ነበር፤ መንግሥት ገበያውን በኤክስአርኤፍ ፈትሾ፣ ነጋዴ ቀጥቶ፣ ሕዝቡንም አስተምሮ በ2019 ከናሙናው 47 በመቶ የነበረውን ብክለት በ2021 ወደ ዜሮ አውርዶታል። በሁለት ዓመት። የኛም በርበሬና እርድ በዚሁ መንገድ ሊፈተሽ ይችላል፤ ይህን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንተወዋለን። ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም የሚቀልጥ ድስት በሌሎች አገሮች ሲመረመር እርሳስ ሲለቅ ተገኝቷል፤ የኛም እስኪመረመር ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ወጥ አይደርበት። ሳይለበጥ የሚሠራው ባህላዊ የሸክላ ድስታችን የእርሳስ ልባጭ የለበትም፤ በዚህ ረገድ የእናቶቻችን ዕቃ ይሻላል።

ምርመራውን በተመለከተ፣ የደም እርሳስ የሚለካው በደም ነው። ከጣት ሲወሰድ እጁ በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ካልደረቀ፣ የመጀመሪያዋም ጠብታ ካልተጠረገች የሚለካው የጣቱ አቧራ ይሆናል። ስለዚህ በጣት ከፍ ብሎ የተገኘ ውጤት ከደም ሥር በተወሰደ ደም ይረጋገጥ፤ ቲዩቡም ለብረት ምርመራ የተዘጋጀ መሆን አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲገኝ ምንጩ ተፈልጎ ይወገድ ይላል፤ የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል በዚያው ዓመት የማሳያ ቁጥሩን ወደ 3.5 አውርዶታል። ከ20 እስከ 44 ከሆነ ማረጋገጫው በሁለት ሳምንት፣ 45ና ከዚያ በላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ይደረግ። የእርሳስ ማውጫ መድኃኒት የሚታሰበው በደም ሥር ደም ከተረጋገጠ 45 ጀምሮ ነው። እርሳስ በደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በአንድ ወር ገደማ ሲሆን በአጥንት ውስጥ ግን ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ እናት ስታረግዝና ስታጠባ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ልጇ ይሻገራል። ሴት ልጅን በልጅነቷ መጠበቅ የልጇንም አንጎል መጠበቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ምግብን ከመድኃኒት አታሳንሱብን። ባዶ ሆድ እርሳስን የበለጠ ስለሚያስገባ ልጅ ቁርሱን ሳይበላ ከቤት አይውጣ። ቁርሱ ግን ሻይ በዳቦ ከሆነ የሻዩ ታኒን አይረኑን ያስርበታል፤ ሻይና ቡና ለሕፃን ጭራሽ አይሰጡ፣ ለትልቁም ከምግብ አንድ ሰዓት ይራቁ። ጤፍ አይረን አለው፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ አይረኑን አንቆ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ ሲጨመቅ መግባቱ ይሻሻላል። ወተትና አይብ ካልሲየም ስለሚሰጡ ለእርሳስ ቦታ ይነፍጉታል። የደም ማነስ 40 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት አካባቢ የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 23 ወር ላለ ሕፃን በቀን ከ10 እስከ 12.5 ሚሊግራም ንጹሕ አይረን በዓመት ለሦስት ተከታታይ ወራት ይሰጥ ይላል፤ ወባ ባለበት ቦታ ከወባ መከላከል ጋር መሆን አለበት።

የሚቀጥለውን የኦቲዝም ልጅ ያላችሁ ወላጆች በትዕግሥት እንድታነቡልን እንለምናለን። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ ማዕከልን ከፍተው እነዚህን ልጆች ከተደበቁበት ጓዳ ካወጡ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ከዕውቀቱ ጋር ግን ሻጩም መጣ። አንዳንድ ጥናቶች በኦቲዝም ልጆች ደም ውስጥ ግሉታታየን ዝቅ ብሎ አግኝተዋል፤ በ2017 የታተመ በስዊድን መንትዮች የወተት ጥርስ ላይ የተደረገ ጥናትም ኦቲዝም ባለበት ልጅ ጥርስ ውስጥ በተወሰኑ የዕድሜ ወቅቶች የእርሳስ መጠን ከፍ፣ የማንጋኒዝና የዚንክ ዝቅ ብሎ አግኝቷል። እነዚህ ተገቢ ምርምሮች ናቸው። አብሮ መገኘት ግን መንስኤ መሆን አይደለም፤ አይረን ያነሰውና አፈር የሚበላው ልጅ ብረት የበዛበት ከኦቲዝሙ በኋላ ሊሆንም ይችላል። በአምስት ሀገሮች የተደረገ ትልቅ ጥናት በ2019 እንዳሳየው ለኦቲዝም ከሚሰጠው ምክንያት 80 በመቶ ገደማው ከዘር የሚወረስ ነው። በክትባት ይጨመር የነበረው፣ ሜርኩሪ ያለበት ቲመሮሳል የተባለ መጠበቂያም በአሜሪካ ከሕፃናት ክትባት በ2001 ገደማ ከወጣ በኋላ የኦቲዝም ቁጥር አልቀነሰም።

ከዚህ ተነስተው ኪሌሽን፣ ማለትም ብረትን በመድኃኒት ከሰውነት የማስወጣት ሕክምና የሚሸጡ ሰዎች አሉ። መጀመሪያ የልጁን ፀጉር ለምርመራ ይልካሉ፣ ወይም የብረት ማውጫውን መድኃኒት አጠጥተው ሽንቱን ያስለካሉ። መድኃኒቱ የማንንም ጤነኛ ሰው ሽንት ብረት ስለሚያበዛ ውጤቱ ሁልጊዜ «መርዝ አለበት» ይላል፤ የአሜሪካ ሜዲካል ቶክሲኮሎጂ ኮሌጅ ይህን አሠራር ውድቅ አድርጎታል። ቀጥሎ ሕክምናው ይመጣል። በ2005 በፔንሲልቬንያ አንድ የ5 ዓመት የኦቲዝም ልጅ ዳይሶዲየም ኤዲቲኤ በደም ሥሩ ተሰጥቶት ካልሲየሙ ወርዶ ልቡ ቆመ። ለእርሳስ የሚሰጠው ካልሲየም ዳይሶዲየም ኤዲቲኤ ነው፤ ሁለቱን የሚለየው አንድ ቃል ነው፤ ያለ ካልሲየም የተሠራው የልጁን ካልሲየም ይዞ ይወጣል። ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ካልሲየም የሌለበት ዳይሶዲየም ኤዲቲኤ በሕፃናት ክፍል መደርደሪያ ላይ እንዳይቀመጥ ቢያዝ ሕይወት ያድናል።

እርሳስ በደሙ ለተገኘበት ልጅ እንኳ መድኃኒቱ ተአምር አይሠራም። በአሜሪካ ከ20 እስከ 44 ማይክሮግራም የነበራቸው 780 ልጆች ሰክሲመር የሚባል የእርሳስ ማውጫ ወይም መድኃኒት የሌለበት ባዶ እንክብል ተሰጥቷቸው ነበር፤ ሰክሲመር የወሰዱት የደማቸው እርሳስ ወረደ፣ የአእምሮ ብቃታቸው ግን ከሌሎቹ አልተሻለም። ውጤቱ በ2001 ታትሟል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። በ2007 ደግሞ እርሳስ በሌለባቸው አይጦች ላይ ሰክሲመር ሲሰጥ ዘላቂ የመማር ጉዳት አስከተለ፤ መድኃኒቱ ዚንክንና ሌሎች የሚያስፈልጉ ማዕድናትንም ያወጣልና። በአሜሪካ በኦቲዝም ልጆች ላይ ሊደረግ የታሰበው የኪሌሽን ጥናት በ2008 የተሰረዘው ይህ ሥጋት ስለበረታ ነው። «ተአምረኛ ማዕድን» እየተባለ የሚሸጠው ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በረኪና መሰል ኦክሳይድ አድራጊ ነው፤ ከዝገት እናድናለን እያሉ የሚያጠጡት ራሱን ዝገቱን ነው።

ለሐኪሞች ሁለት ቃል ብቻ። የደሙ እርሳስ 45 የደረሰ ልጅ መድኃኒት ሲጀምር ከምንጩ መራቁ ካልተረጋገጠ ወደ ቤት አትመልሱት፤ የወጣው በሳምንታት ውስጥ ይተካል። ዳይመርካፕሮል የተባለውን የእርሳስ ማውጫ ለሚወስድ ልጅም በዚያው ወቅት አይረን አትስጡ፤ ሁለቱ ተጣምረው መርዛማ ውሁድ ይሠራሉ።

በአሜሪካ ለምትኖሩ፦ በሜዲኬይድ የተመዘገበ ልጅ በ12ና በ24 ወሩ የእርሳስ ምርመራ ሊደረግለት ግዴታ ነው፤ ቁጥሩን ጠይቃችሁ ጻፉት። በስደተኝነት የገባ ልጅ እንደደረሰ ይመረመራል፣ ትንንሾቹ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይደገምላቸዋል። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ከተከራያችሁ የመስኮቱን ጠርዝ ተመልከቱ፤ ቀለሙ በመክፈትና በመዝጋት የሚፈጨው እዚያ ነው። ከሀገር ቤት የምታስመጡትን ቅመምና ኩልም ለሐኪሙ ንገሩት፤ አይጠይቃችሁም ይሆናል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የደም ማነስ ያለበትን ልጅ ስታይ እነዚህን ትጠይቅ፦ ልጁ አፈር ወይም የግድግዳ ልጣጭ ይበላል ወይ? በቤቱ ወይም በሚውልበት ቦታ ቀለም የሚላጥ በርና ሸርተቴ አለ ወይ? በግቢው ባትሪ የሚሰብር፣ ብረት የሚበይድ ወይም ቀለም የሚረጭ ሰው ይኖራል ወይ? ኩል ይቀባል ወይ? እርዱ ተፈጭቶ ነው የሚገዛው? ወንድሙ ወይም እህቱ መናገር የዘገየ፣ ትኩረት የማይሰበስብ አለ ወይ? ጥያቄዎቹ በልጁ የእድገት ክትትል ካርድ ጀርባ ላይ ቢታተሙ ግማሽ ገጽ አይሞሉም።

ከአክብሮት ጋር
የሕፃናት ሕክምናና የኬሚስትሪ ባለሙያዎች